ሳይታጭ የተዳረው ዲስክ

በእኛ ሰፈር ስልኩ ጠፍቶበት ወይም ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት «ፎቶዎቼ በሙሉ ሄዱ» ብሎ ራሱን የያዘ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «እትዬ ጎተራ ጋ ጠይቅ፣ እዚያ ይኖራል» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜም ይኖራል።

ጎተራ የመታወቂያ ስማቸው አይደለም። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ሰርጉን የቀረጹለት አንድ መካኒክ፣ የወሰደው ሲዲ ተሰብሮበት «ምናልባት» ብሎ መጣ። ሻይ ቀዱለት፣ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሰርጉን ይዘውለት ወጡ። ሰውየው ተገርሞ «ይሄ ቤት ነው ወይስ ጎተራ?» አለ። «ጎተራማ ነቀዝ ይገባዋል፤ እኔ ጋ የገባ አይጠፋም» አሉት። እሳቸው የተናገሩት ተረሳ፣ እሱ ያወጣላቸው ስም ቀረ።

እኔ ተከራያቸው ነኝ። ከቤታቸው አንዷን ክፍል በተለየ በር ለእኔና ለባሌ አከራይተውናል። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የሳምንቱን እኩሌታ መንገድ ላይ ነው። ልጄን የወለድኩ ሰሞን ብቻዬን ስሆን፣ ከግድግዳው ማዶ ሳያቋርጥ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ እሰማ ነበር። «እትዬ፣ ማቀዝቀዣዎት ሊበላሽ ነው መሰለኝ» ብላቸው ሳቁና እጄን ይዘው አስገቡኝ።

በሩ የተነቀለ ቁምሳጥን ነው። በአንዱ በኩል ቀሚሶቻቸው ተሰቅለዋል፣ በሌላው በኩል ጎኑ የተከፈተ ረጅም የኮምፒውተር ሣጥን ቆሟል። ስክሪን የለውም፤ ጠፍቶም አያውቅም።

«ሰርቨር ነው» አሉኝ። «ሥራው ማስቀመጥ ብቻ ነው። የሰጡትን ይይዛል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል። እንዲህ ያለ ባል ባገኝ አገባ ነበር።»

ሆዱ ውስጥ ሁለት ሀርድ ዲስኮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። የሚገባው ነገር ሁሉ ሁለቱም ላይ እኩል ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ።

«እንደ ጫማ ነዋ፣ ጥንድ» አልኩ።

«ጫማማ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም ይጣላል። እንደ እህትማማቾች በይው። አንዷ የሰማችውን ሌላዋም ታውቃለች።»

የሣጥኑ አናት ሁልጊዜ ሞቅ ያለ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሕፃኗን ካልሲ እዚያ ማድረቅ ጀመርኩ። ሲያዩኝ «ውሃ ጠብ ያለበት ቀን ስንት መቶ ሙሽራ ይጣላሻል» ይሉኛል እንጂ አይከለክሉኝም።

እትዬ ጎተራ አላገቡም። «የሰው ሰርግ ስቀርጽ የኔ አለፈኝ» ይላሉ፤ ለሳቅ ነው። እናታቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድማቸው ገና የወተት ጥርሱን አልጨረሰም ነበር። እሳቸው ያን ጊዜ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም ያጥባሉ። ልጁን ከትምህርት ቤት ወደ ፎቶ ቤት፣ ከፎቶ ቤት ወደ ሰርግ ይዘውት ሲዞሩ አደገ። ካሜራው ትከሻ ላይ የሚጫንበት ዘመን ስለነበር እሳቸው ካሜራውን፣ እሱ መብራቱን ይሸከማል። አፉ ጣፋጭ ስለሆነ፣ ሙሽራ ሲያለቅስ የሚያስቅ፣ አኩርፎ ፎቶ እምቢ ያለ አማች የሚያግባባ ስለሆነ «ከረሜላ» አሉት። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ዛሬም ከረሜላ ነው።

«አንድ ጊዜ የሚያገባኝ ሰው ተገኝቶ ነበር» ብለውኛል አንድ ቀን፣ ካልሲ እያጠፍን። «ደህና ሰው ነበር፣ ሙያ ያለው። ልጁ ግን ለዘመድ ይሰጥ አለ። አንተ ለዘመድ ተሰጥ አልኩት።»

ከረሜላን አስተማሩት። የኮምፒውተር ሙያ ተምሮ ሲጨርስ የሚወዷትን ካሜራቸውን ሸጠው፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ከፈቱለት። እሱም አልረሳቸውም ነበር፤ ይሄን ካላልኩ መዋሸት ነው። በየሳምንቱ ይመጣል። በር ላይ ሆኖ «እታለም፣ በሕይወት አለሽ?» ብሎ ይጣራል፣ ግንባራቸውን ይስማል፣ ልጄን ወደ ላይ እየወረወረ ያስቃታል። እሳቸውም ፊታቸው የሚፈታው ስለ እሱ ሲያወሩ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት «ሞላ» አሉኝ። ካሜራው በተሻሻለ ቁጥር ቪዲዮው እየገዘፈ፣ የአንድ ሰርግ ቀረጻ ድሮ የሃያ ሰርግ ይይዝ የነበረውን ቦታ ይበላል። ሣጥኑ ደግሞ ከሁለት ዲስክ በላይ አያስገባም። ስለዚህ ትንንሾቹን አውጥቶ በትልልቅ መተካት ነው ያለው።

እትዬ ጎተራ ዲስክ ሲመርጡ ማየት ልጅ የሚድሩ ማየት ነው። ዘር ማንዘሩን ያጣራሉ። ከየሱቁ የለቀሙትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያስረዱኛል።

«ይሄኛው ርካሽ ነው፣ ግን የሚጽፈውን እንደ ጣራ ቆርቆሮ እየደራረበ ነው። አንዱን ለማስተካከል ሌላውን ማንሳት አለበት፤ ሥራ ሲበዛበት ይንቀረፈፋል። ይሄኛው ደግሞ ቢሮ ውስጥ ለሚውል፣ ማታ ለሚያርፍ ኮምፒውተር የተሠራ ነው። እኔ ጋ ማረፍ የለም። የምፈልገው ሳይተኛ የሚኖር ነው።»

«እንደ ሕፃን እናት» አልኩ።

«እንደሱ። ግን የማያማርር።»

ዓይነቱን ከመረጡ በኋላ ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ሁለቱን ከአንድ ሱቅ አይገዙም፤ በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ዲስኮች በአንድ ሰሞን ይታመማሉ ይላሉ። ሁለተኛውን «እጮኝነት» ብለውታል። አዲስ ዲስክ የሰው ነገር ሳይገባበት አንድ ሳምንት ለብቻው ይሠራል። አፉ እስኪደርስ በማይረባ ነገር ይሞሉታል፣ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ መልሰው ያነቡታል፣ አጥፍተው ደግሞ ይሞሉታል። የሚደክም ከሆነ እጮኛ እያለ ይታወቃል፤ ወደ ሻጩም ይመለሳል። «ሳይታጭ አይዳርም» ይላሉ። በዚህ የተነሳ የከተማው ዕቃ ሻጮች በሩቁ ሲያይዋቸው ይሳሳቃሉ ይባላል።

ከረሜላ ይሄን ሰምቶ መጣ።

«እታለም፣ ወንድምሽ ዲስክ እየሸጠ አንቺ ሱቅ ለሱቅ ትንከራተቻለሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

«አንዱን ካንተ፣ አንዱን ከሌላ እገዛለሁ። ሕጌን ታውቃለህ።»

«ሕጉ ለባዳ ነው። ከተለያየ ካርቶን አወጣልሻለሁ፤ የማይተዋወቁ።»

በሁለተኛው ቀን ሁለት ዲስኮች በሚያብረቀርቅ ብርማ ከረጢት ታሽገው፣ መፍቻውንም ራሱ ይዞ መጣ። እትዬ ጎተራ ከረጢቱን ተቀብለው አገላበጡና «እሺ፣ ለእጮኝነት ይቀመጡ፤ በሳምንቱ ትመጣለህ» አሉት።

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ሳቅ አለ፣ ግን ቅር ያለው ሰው ሳቅ ነው።

«የኔንም ልትፈትሺ ነው? እስቲ እኔንም ከጎኑ ሰክተሽ ፈትሺኝ። ስንት ዓመት አሳድገሽኝ እስካሁን አልታወቅኩም?»

እኔ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ግን እጃቸው ከረጢቱ ላይ እንደቆመ አየሁ። የሥጋ ዘመድ ያመጣውን ዕቃ ዓይኑ እያየ ማገላበጥ በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ነው፤ ፍራንክ ቢሰጥሽ እንኳ ፊቱ ላይ አትቆጥሪም። እትዬ ጎተራ ማንንም ሻጭ የማያምኑ ሴት ናቸው፤ ይሄኛው ግን መብራት ይዞ ያደገ ልጅ ነው።

«ግባና ሥራህን ሥራ» አሉት።

አንዱን አሮጌ አውጥቶ አዲሱን አስገባ፤ የቀረው አሮጌ ያለውን እስኪገለብጥለት ጠብቆ፣ በሌላ ቀን ተመልሶ ሁለተኛውን ተካ። የወጡትን ሁለቱን እትዬ ጎተራ ወደ መሳቢያ ሊከቷቸው ሲሉ ከረሜላ እጃቸውን ያዘ።

«ምን ያደርጉልሻል? የስንቱ ሰው ሰርግ አለባቸው፤ ሌባ ቢገባስ? እኔ በመሰርሰሪያ በስቼ እጥልልሻለሁ።»

ሰጡት። እንዲያውም «አደራ፣ መሀል መሀላቸውን ብሳ» ብለው ሸኙት።

በዚያ ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ልጇን ዳረች። የሙሽራዋን ቀሚስ ራሷ ናት የሰፋችው። የደንበኛ ሥራ ስትጨርስ መጋረጃዋን ዘግታ ቀሚሱ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ደረቱ ላይ ያለውን ጥልፍ ሁለት ጊዜ ፈትታ እንደገና ጠልፋዋለች። ሰርጉን እትዬ ጎተራ ቀረጹ፣ ቀረጻውን ወደ ሰርቨሩ ከተቱ፣ የካሜራውን ካርድ ለሚቀጥለው ሰርግ አጸዱት። ተቆርጦ ተቀጣጥሎ፣ ሙዚቃ ገብቶበት እስኪያልቅ ተራ አለው። ልብስ ሰፊዋ በየጊዜው ብቅ እያለች «የኔ ነገር?» ትላለች። «እኔ ጋ ነው፣ ምን ያሳስብሻል» ይሏታል።

እኔም በበኩሌ ስልኬ በልጄ ቪዲዮ ሞልቶ ነበር። ስትድህ፣ ስትቆም፣ ድስት ክዳን ስትደበድብ። ሁሉም እትዬ ጋ አለ፣ ግን የራሴ የምለው ቢኖር፣ ቤት ብንቀይር እንኳ ይዤው የምሄደው ቢኖር ብዬ ከቤት ወጪ እየቆጠብኩ ቆየሁ። እሳቸውን ላስገርማቸው አስቤ ሳልነግራቸው ወደ ከረሜላ ሱቅ ሄድኩ።

«ሳይተኛ የሚኖር ዓይነት ስጠኝ» አልኩት።

«እታለም አስተምራሻለች ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። «ይኸው፣ ገና ከካርቶን የወጣ። ላንቺ ስል ነው።»

ብርማውን ከረጢት እንደ ስጦታ ይዤ ገባሁ። እትዬ ጎተራ ደስ አላቸው። «አንቺ ልጅ፣ አድገሻል» አሉኝና በመቀስ ቀደዱት። ዲስኩን አወጡት፣ ገለበጡት፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ወሰዱት። ብዙ ቆዩ። ጎኑ ላይ፣ ብሎን ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ቀይ ነገር አለ፤ የተፋቀ፣ ግን ተፍቆ ያላለቀ። በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ከየት ገዛሽው?»

«ከከረሜላ።»

«አዲስ ነው አለሽ?»

«ገና ከካርቶን የወጣ ነው አለኝ።»

ከመስተዋታቸው ሥር ካለው ሣጥን አንድ የደረቀ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አውጥተው አጠገቡ አስቀመጡት። ቀዩ ያው ነው። አሮጌዎቹ ሁለት ዲስኮች እንዳይምታቱባቸው ድሮ አንዱን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርገውበት ነበር።

ከኮምፒውተራቸው ጋር አገናኙት። ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ ይቆጥራል፤ ይሄኛው የሚያሳየው ትናንት የተወለደ መሆኑን ነው፤ ውስጡም ታጥቦ ባዶ ነው።

«ዕድሜውን ሰርዞለታል» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እኔንም እንዲህ ባደረገኝ» አሉ። እንድስቅ ነው፤ አልቻልኩም። ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ከዚያ ዞር ብለው ቁምሳጥኑን አዩት። እኔም ያኔ ገባኝ። የእሳቸውን አሮጌ ለኔ አዲስ ብሎ ከሸጠ፣ ለእሳቸው አዲስ ብሎ ያስገባላቸው የማን አሮጌ ነው?

ያስቀሩትን ፈተና ያን ዕለት ጀመሩ። ውስጡ የሰው ነገር ስላለ መሙላት አይቻልም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ብቻ ነው። ምሳ ሳይደርስ የግራው ዲስክ ጥፍር ቆርቆሮ ላይ እንደሚመታ ያለ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ዝም አለ፤ ኮምፒውተሩም እንዲህ ያለ ዲስክ አላውቅም አለ። የቀኙ አለ፣ ግን አንዳንድ ቦታ ሲደርስ እየተንገዳገደ ነው።

እትዬ ጎተራ ፈተናውን አቆሙት። «በሞተው ላይ አልቅሰን የቀረውን አንግደለው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ያንቺን አበድሪኝ።»

«አሮጌ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ይሄን አውቀዋለሁ። ደክሞ ይሆናል እንጂ አይዋሽም።»

ሰጠኋቸው። የልጄ ቪዲዮ ስልኬ ላይም አለ፤ ለጊዜው እዚያው ይቆይ አልኩ። ችግሩ የኔው ዲስክ ትንሹ ነው፣ ጠበበ ተብሎ የወጣው። ሁሉንም አይችልም። እትዬ ጎተራ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ቅደም ተከተሉን ወሰኑ። መጀመሪያ ለባለቤቱ ያልተሰጠ ሥራ፤ እሱ ሌላ ቦታ የለም። ቀጥሎ ሰዎች በአደራ ያስቀመጡት። መጨረሻ የራሳቸው፣ የቤተሰቡ።

የልብስ ሰፊዋን ልጅ ሰርግ አስቀደሙ። ሙሽራዋ ስትለብስ ያለው ጠዋት በሰላም አለፈ። ከዚያ ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣበት ላይ ሲደርስ ዲስኩ ቆመ። አጥፍተው አስነሱት፤ እዚያው ቆመ። አቀዘቀዙት፣ በሌላ ገመድ ሞከሩት፤ እዚያው። ዘለው ወደፊት ሲሄዱ ጭፈራው መሀል ላይ ያዘላቸው፣ ግማሹን ሰጥቶ ደግሞ ዘጋ። ከዚያ በኋላ እሱን ትተው ሌላውን ማዳን ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ፣ በማግስቱም እንዲሁ። እኔ ልጄን አዝዬ ሻይ አመላልሳለሁ፤ እሳቸው ስክሪኑ ላይ እንደ አስታማሚ ዓይናቸውን ተክለዋል።

የሰው አደራ ሲያልቅ የኔ ዲስክ አፉ ደረሰ። የራሳቸው ቀረ። በኋላ ከተበላሹ የድሮ ካሴቶች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት፦ ከረሜላ ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ፣ ከረሜላ ከቁመቱ የሚበልጥ መብራት ይዞ፣ ሲመረቅ፣ ሲያገባ። «ነገ ቦታ እንፈልግለታለን» አልኳቸው። በነጋታው የቀኙ ዲስክ አልዞርም አለ።

በእግራችን ወደ ወንድማቸው ሱቅ ሄድን። ከረሜላ እንዳየን ከመስታወት መደርደሪያው ኋላ ብድግ አለ። «እታለም፣ በእግርሽ? ደውለሽልኝ ብመጣስ?»

የሞተውን ዲስክ መስታወቱ ላይ አስቀመጡ።

«አንዱ እንዲህ ሆነ። ሌላውም ተከተለው።»

«ውይ። ያጋጥማል፣ ዕቃ ነው። እለውጥልሻለሁ።»

«ያ ይቆየን። አሮጌዎቼን ምን አደረግካቸው?»

«በስቼ ጣልኳቸዋ። አደራ ብለሽኝ የለ?»

ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ያን ሰዓት እሳቸውን ማየት ፈራሁ።

«አንዱ እኔ ቤት ነው» አሉ። «ቀዳዳም የለበት። ይቺ ልጅ ናት ያመጣችልኝ።»

ከረሜላ እኔን አየኝ፣ ከዚያ በሩን አየ፣ ሄዶ ገርበብ አደረገው።

«እታለም፣ ገበያው ሁሉ እንዲህ ነው። ከሩቅ የሚመጣውም ታጥቦ ነው የሚመጣው። ዕድሜውን ካልሰረዝሽው ማን ይገዛሻል?»

«ለኔ ያስገባህልኝስ?»

የመደርደሪያውን መስታወት በእጅጌው ጠረገ።

«ከአንድ መጋዘን የጥበቃ ካሜራ ነው የወጡት። ግን ደህና ነበሩ።»

«ሁለቱም ከአንድ ቦታ?»

«ሁለቱም።»

«ለኔ» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም።

«ገንዘብ አጥሮኝ ነበር ያን ሰሞን። ደግሞ አንቺ ሁልጊዜ ትፈትሺ የለ? ትፈትሻቸዋለች፣ ችግር ካለ ትመልስልኛለች፣ እለውጥላታለሁ ብዬ ነው። እኔ ሳትፈትሺ ታስገቢያለሽ ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

«አትፈትሺኝ ያልከው አንተ ነህ።»

«ቀልዴን ነበር እኮ፣ እታለም።»

እትዬ ጎተራ የሞተውን ዲስክ ከመስታወቱ ላይ አነሱ። ልጄ ከጀርባዬ ላይ እንደ ልማዷ እጆቿን ወደ እሱ ዘረጋች፤ ወደ ላይ እንዲወረውራት። እሱም ሊቀበላት እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ለኔ የከፈልኩትን መለሰልኝ። ተቀበልኩ፤ ምን ልበል፣ የልጄ ነው።

ልንወጣ ስንል «እባክሽ ሰው ፊት ስሜን እንዳታነሺ፤ ሱቅ ነው» አላቸው።

«ስምህን ሳሳድግ ነው የኖርኩት» አሉት። «አልጥለውም።»

የልጅነቱ ቀረጻ እንደጠፋ አልነገሩትም። መንገድ ላይ «ለምን አልነገሩትም?» ብላቸው «ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ብቻቸውን እንዲሄዱ አልፈቀድኩም። ስንገባ አፏ ውስጥ መርፌዎች ነክሳ የአንድ ሰው ኮት እየለካች ነበር። ኮቱን ለባሹ እስኪወጣ ቆመን ጠበቅን።

«አለቀ?» አለች፣ በመርፌዎቹ መሀል። «ልጅቷ በየቀኑ እየደወለች መግቢያ መውጫ አሳጥታኛለች።»

«ጠፋ» አሏት።

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። «ምን ማለት ነው ጠፋ?»

«ዲስኩ ሞተ። ጠዋት ስትለብስ ያለው ተርፏል፤ አንቺ ከኋላዋ ሆነሽ ቁልፎቹን ስትቆልፊላት። ከጭፈራውም ግማሹ አለ። ሌላው የለም።»

«ቀሚሱ?»

«ከጀርባው በደንብ ይታያል።»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን መዘውር በእጇ ትንሽ አዞረችው፣ መለሰችው። «እኔ እኮ የለፋሁት ከፊቱ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ካንቺ ቤት ምንም ጠፍቶ አያውቅም። ማነው ይሄን ዕቃ የሸጠልሽ?»

«ሳልፈትሽ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«እኔ የምመልስልሽ እሱን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሞኝ አይደለችም። ከማን እንደሚገዙ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አንዴ አየቻቸው፣ ቀጥሎ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው በኩል አየች። እኔ ዝም ማለት አልሆንልኝ ብሎ «ቀሚሱ አለ አይደል? ልጅቷም አለች። ለብሳ፣ ከፊት ከፊት ቢቀረጽስ?» አልኩ።

«ሰርግ ልምምድ መሰለሽ?» አለችኝ። ትክክል ናት። ሆኖም በር ላይ ስንደርስ ከኋላችን «የተረፈውን አምጪው» ስትል ሰማን። የስፌት መኪናው መንጫጫት ጀመረ።

ሰርቨሩ ባዶውን ተቀመጠ። ከግድግዳው ማዶ የለመድኩት ድምፅ ስለጠፋ ልጄን እንኳ እንቅልፍ እምቢ አላት። ከረሜላ ሁለት ጊዜ መጥቶ በር ላይ ተጣራ። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሻይ ቀረበለት። ስለ አየሩ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወሩ። እትዬ ጎተራ አልተቆጡትም፣ አላኮረፉትም፤ እንደ እንግዳ አስተናገዱት። ያ ነው የከፋኝ። «እታለም» ባለ ቁጥር ዘግየት ብለው ነው የሚመልሱለት። የእናት ልጆች ናቸው፣ አንድ ቀን ይወጣላቸዋል ብዬ አምናለሁ። ግን መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ዲስክ ለመግዛት እንድሸኛቸው የጠየቁኝ። አውቶቡስ ቀይረን፣ ማንም የማያውቃቸው ሠፈር ወረድንና አንድ ሱቅ ገባን። ያው ዓይነት፣ ሳይተኛ የሚኖረው። አንዱን ብቻ ከዚያ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ ሊገዙ ነው። ሻጩ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። የጠየቁትን ከመደርደሪያ አውርዶ አቀረበላቸው።

«እናቴ፣ ለርስዎ ስል ዋጋውን…»

«እናትህ አይደለሁም» አሉት። «ደንበኛህ ነኝ። ዋጋው እንዳለ ይሁን፤ ዋስትናውን ጻፍልኝ።»

ሰውየው ቅር አላለውም። መነጽሩን አድርጎ ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ወረቀቱንና ዲስኩን አብሮ ሰጣቸው።

«አደራ፣ ሳይፈትሹት ምንም እንዳይጭኑበት» አለ። «አንድ ሳምንት ያሠሩት። ካልተስማማዎት እዚሁ ነኝ፤ ይመልሱት።»

እትዬ ጎተራ በወንድማቸው ሱቅ አላለቀሱም፣ ልብስ ሰፊዋም ጋ አላለቀሱም። አሁን ዕቃውን እንደያዙ ወደ ግድግዳው ዞሩና የተሰቀሉትን ገመዶች መመልከት ጀመሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ጫማዋን የማስር መሰልኩ።

ሻጩ ደንግጦ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምንም» አልኩት። «አንተ ምንም አላጠፋህም።»